ከጅግጅጋ ዳንግላ በአንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ

ለተከበሩ አቶ አሳምነው ወገኔ
የጥዱ ሥር መረዳጃ እድር ሰብሳቢ
ዳንግላ

የተከበሩ አቶ አሳምነው ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን ቁርጥማት፣ ደጅዎን ክፉ ወሬ፣ ስልክዎን የኔትወርክ መቆራረጥ እንዳይጎበኛቸው፣ የእድራችን አባላትም እርስዎ ካቀዱላቸው ሰዓት ቀድመውም ዘግይተውም እንዳይሞቱብዎ ከዚህ ከጅግጅጋ ሆኜ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከአባላቱ ብዛት የተነሳ ካላስታወሱኝ፣ የዛሬ ሁለት ወር ገደማ፣ በታኅሣሥ ወር በዋለ አንድ ረቡዕ፣ በእርስዎ ሰብሳቢነት የተቀበረው የገብረ ማርያም ደጉ አንድያ ልጅ ነኝ። አባቴ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለውን መንገድ ሃያ ስምንት ዓመት በአካፋና በዶማ ሲጠግን የኖረ፣ አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እንጂ ቆሞ አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ጅግጅጋ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። እንጀራዬ መለካት በመሆኑ፣ በልክ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ለመጻጻፍ መብቃቴን እንደ ትልቅ ዕድል እቆጥረዋለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ባለፈው ወር በእድሩ ስብሰባ፣ በአንድ መቶ አሥራ ሁለት አባላት ፊት ተነሥተው ያነበቡት ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፦ «ሟች አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው በመሆኑ፣ የልጅቱም የጉዞ ጊዜ በመረጃ ተጣርቶ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ሆኖ በመገኘቱ፣ ቀብሩ ለስምንት ሰዓት ተይዞ፣ አንድ ሰዓት ጨምረን በትዕግሥት ብንጠብቅም ልጅቱ ባለመምጣቷ ሥርዓቱ ያለ እርሷ ተፈጽሟል።» ቃለ ጉባኤው በእጅ ጽሑፉ ማማር እንከን አይወጣለትም። ሥርዓተ ነጥቡም የተሟላ ነው። እኔ እንዲታረም የምለምነው አልመጣችም መባሌን ብቻ ነው፤ መጥቻለሁና።

ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ እርስዎን የሚያክል ሥራ የበዛበት ሰው ማድከሜ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን ቃሉ መጀመሪያ የተነገረው በወረቀት ሳይሆን በእርስዎ አንደበት፣ ገና ጉድጓዱ ሳይደፈን ስለነበር፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ወይዘሮ ውቢት፣ ቆመው ሰምተውታል። አክስቴ ከጥርባ በኩል ካለው ገጠር የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። ከአባቴ ወገን በሕይወት የቀሩኝም እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ አያነጋግሩኝም። ስለዚህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፤ በዕቅድ ሥራ የኖሩ ሰው በመሆንዎ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማይመችዎ ገምቻለሁ።

1ኛ. ስለ መረጃው። በዚያ ጠዋት በግቢያችን በተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ፊት ስልክዎን አውጥተው፣ የሁለቱን ከተሞች ስም ጽፈው ያገኙትን ገጽ እኔም ከፍቼ አይቼዋለሁ። ገጹ አልዋሸም። ከጅግጅጋ እስከ ዳንግላ ያለው የአየር ርቀት 688 ኪሎ ሜትር፣ የበረራውም ጊዜ 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ መሆኑን በደማቅ ቁጥር ይናገራል። ከታች ደግሞ፣ መነጽር ለለመደ ዓይን በማይመች ደቃቅ ፊደል፣ ስሌቱ በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ፣ በሰዓት ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ቢኖር ብሎ አስቦ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ሠላሳ ደቂቃ ጨምሮ የተሠራ መሆኑን ይገልጻል። እንዲህ ያለ አውሮፕላን በእርግጥ መኖሩን ግን የትም ቦታ አልጻፈም። ዳንግላ ላይ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን የት እንደሚያርፍ፣ ሁለታችንም ተወልደን ያደግንባት ከተማ ናትና፣ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ የትም አያርፍም። ካርታው የከተማይቱ እምብርት ይህ ነው ብሎ ቀይ ምልክቱን የተከለው ከብት ተራው አጠገብ ስለሆነ፣ ገጹን አምነን ከሄድን አብራሪው ከማረፉ በፊት ጊደር ሻጮቹን ገለል እንዲሉለት መለመን ይኖርበታል።

የገጹን ጠባይ በሚገባ ለማጥናት ስል ሌላም ሞከርኩ። ከእንጅባራ ዳንግላ 37 ኪሎ ሜትር፣ 33 ደቂቃ አለኝ። እርስዎ እንጅባራ በዕቅድ ባለሙያነት ባገለገሉባቸው አሥራ አንድ ዓመታት፣ ይህንን መንገድ በየሳምንቱ በሚኒባስ፣ ጉልበትዎን ከፊት ለፊቱ ወንበር ጋር እያጋጩ ተመላልሰውበታልና ቁጥሩን ሲሰሙ እንደሚቆጩ አልጠራጠርም። በመጨረሻም ከዳንግላ ዳንግላ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት። ርቀቱ ዜሮ፣ የበረራው ጊዜ ደግሞ 30 ደቂቃ መሆኑን ያለ አንዳች ማቅማማት አሳወቀኝ። በዚህ መረጃ መሠረት እርስዎ ከተቀመጡበት ወንበር ተነሥተው እዚያው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብዎታል፤ የእድሩ ስብሰባ ሁልጊዜ ለምን አርፍዶ እንደሚጀመርም አሁን ተገልጦልኛል።

2ኛ. ስለ አቶ ገበየሁ። ሩቅ አገር ልጅ ያለው ሰው ባረፈ ቁጥር ቀብሩ መቼ ይሁን የሚለው ጥያቄ፣ እድራችን ከተመሠረተ ጀምሮ የሚቀርበው ለአቶ ገበየሁ እንደነበር ለእርስዎ ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል። አቶ ገበየሁ ሠላሳ ስድስት ዓመት አውቶቡስ የነዱ አዛውንት ናቸው። ሲጠየቁ ወዲያው አይመልሱም። መጀመሪያ ዕለቱን ይጠይቃሉ፤ የገበያ ቀን ከሆነ መኪና እንደሚያጥር ያውቃሉና። ቀጥለው ወሩን ይጠይቃሉ፤ ክረምት ከሆነ ዓባይ በረሃ ላይ ናዳ አለ። ከዚያም መንገደኛው ሕፃን የያዘ መሆን አለመሆኑን፣ መንገዱም ሰሞኑን ክፍት መሆኑን ያጣራሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው በከዘራቸው ላይ ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ጥቂት ይቆዩና ሰዓቱን ይናገራሉ። የጎረቤታችን የወይዘሮ ማናለብሽ ወንድም ከሞያሌ ለእናቱ ቀብር በመጣ ጊዜ፣ አቶ ገበየሁ የሳቱት በሃያ ደቂቃ ነበር፤ ያም የሆነው ሰውዬው ደብረ ማርቆስ ላይ ወርዶ ውኃ ሊጠጣ በመቆየቱ ነው።

በዚያ ረቡዕ ጠዋትም ስለኔ ተጠይቀው፣ ዛሬ እንደማልደርስ፣ ነገ ሐሙስ ግን ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ውስጥ እንደምደርስ፣ ወሩ ታኅሣሥ በመሆኑም ብርዱ አስከሬን ለማሳደር እንደሚበቃ ተናግረው ነበር። ይህን ከሦስት ሰዎች አረጋግጫለሁ። እርስዎም የአዛውንቱን ቃል በትሕትና ካዳመጡ በኋላ፣ ይህ ግምት መሆኑን፣ በእጅዎ ያለው ግን መረጃ መሆኑን አስረድተው ስልክዎን ለጉባኤው ከፍ አድርገው አሳዩ። ጉባኤውም ስልክዎን አመነ። አልፈርድበትም፤ ስልክዎ ያበራል፣ አቶ ገበየሁ አያበሩም።

እኔ ዳንግላ መናኸሪያ ከሚኒባስ የወረድኩት ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር።

3ኛ. ስለ አጠራሬ። ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የእድሩ ጸሐፊ አቶ ይሄይስ ደወሉልኝ። በአገራችን ወግ ሞት በስልክ አይነገርምና፣ አባቴ ትንሽ ራሱን አሞት እንደተኛ፣ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለው፣ ሆኖም ባይከፋኝ ዛሬውኑ ብመጣ ደስ እንደሚለው በለሰለሰ ድምፅ ነገሩኝ። ይህን ወግ አልነቅፍም። ሰው አገር፣ በኪራይ ቤት፣ ብቻውን የቆመ ሰው መርዶውን በስልክ ቢሰማ ማን ይደግፈዋል? ደግ ሰዎች ያሰቡት ደግ ወግ ነው። የኔ መደነቅ ሌላ ነው። በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ሰብሳቢ መሪነት፣ ልጅቱ እንዳትደነግጥ ቀስ ተብላ ትጠራ፣ ስትመጣ ግን በአውሮፕላን ፍጥነት ትጠበቅ የሚሉ ሁለት ውሳኔዎች በሙሉ ድምፅ ማለፋቸው፣ በረጅም የዕቅድ ልምድ ብቻ የሚገኝ ችሎታ መሆኑን ሳልመሰክር አላልፍም። እውነቱን ብትነግሩኝ ኖሮ፣ በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር ብቻ እለምናችሁ ነበር፤ እስክደርስ አቆዩልኝ እላችሁ ነበር። ያልሞተ ሰው እንዲቆይልኝ ግን እንዴት ብዬ ልለምን?

እዚህ ላይ በራሴ ላይ መመስከር ይገባኛል። በዚህ አገር ያደገ ሰው፣ ትንሽ አሞታል ተብሎ ዛሬውኑ ና ከተባለ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ አያጣውም። እኔም አላጣሁትም። ማወቁን ነው ያልፈለግሁት። ራሱን ካመመው ግፊቱ ጨምሮ ይሆናል ብዬ ገበያ ወጣሁና የደም ግፊት መለኪያ ልገዛለት ገባሁ። ሻጩ አሠራሩን ሊያሳየኝ በራሴ ክንድ ላይ ሲያስረው የኔ ግፊት ከልክ በላይ ሆኖ ታየ። ዕቃው የተበላሸ ነው ብዬ ሌላ አስመጣሁ። ሁለተኛውም ያንኑ ቁጥር አሳየ። በሙያዬ ሁለት መሣሪያ አንድ ቁጥር ካሳየ ቁጥሩ እውነት ነው። ቢሆንም ሁለተኛውን ገዝቼ፣ እንደ ጤነኛ ሰው ተመራርቄ ወጣሁ። ይህ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። የዕለቱ አውሮፕላን የሚነሳው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር አርባው ደቂቃ ምንም አልለወጠም፤ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ። ሆኖም ያ የራሴ ነው፤ በእርስዎ ላይ አላሳብበውም።

4ኛ. ስለ ጉዞው። ለቃለ ጉባኤው አባሪ ይሆን ዘንድ ዝርዝሩን አቀርባለሁ። ከጅግጅጋ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው አዲስ አበባ ደረስኩ፤ ቀጥ ያለው መስመርዎ አዲስ አበባን ባያውቃትም አውሮፕላኑ ግን ያውቃታል። ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱት የዚያ ምሽት በረራዎች ሞልተው ስለነበር፣ የሚቀር ሰው ከተገኘ ብዬ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት መስኮቱ ሥር ቆምኩ። የሚቀር አልተገኘም። በመኪና ልምጣ ብል፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት እንኳ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። በሥራ ባልደረባዬ እህት ቤት አድሬ በማግስቱ ማልጄ በረርኩና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ባሕር ዳር ወረድኩ። ከዚያ በባጃጅ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የቀረው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ ያንን የቀረ አንድ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ጠራው። ከተነሣን በኋላ ሁለት ቦታ ለፍተሻ ወርደን ተሰለፍን። ጠቅላላ ድምሩ፣ ከአቶ ይሄይስ ጥሪ እስከ ዳንግላ መናኸሪያ፣ ሃያ ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። ከዚህ ውስጥ ሰማይ ላይ የነበርኩት ሁለት ሰዓት አካባቢ ሲሆን የቀረው መሬት ላይ ያለፈ ነው። ገጽዎ ሰማዩን በትክክል ለክቶታል።

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አባቴ አፈር ሲለብስ፣ እኔ አዋሽን በሚያሻግረው ሰማይ ላይ በመስኮት በኩል ተቀምጬ የታደለኝን ብስኩት እየበላሁ ነበር። ሰዓቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። ብስኩቱ ጣፋጭ ነበር። ስለ ጣፋጭነቱ የማውቀውን ሁሉ ብረሳው እወድ ነበር፤ አልቻልኩም።

5ኛ. ስለ ሰማዩ። ስምንት ሰዓት ሲሞላ፣ በደብሩ ግቢ፣ እርስዎ ሁለት ጊዜ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ማየትዎን ወይዘሮ ማናለብሽ ነግረውኛል። ለልባዊ ጥበቃዎ አመሰግናለሁ። በዚያው ሰዓት አቶ ይሄይስ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ከባሕር ዳር የገባውን ሚኒባስ ሁሉ በስሜ ሲጠሩ ድምፃቸው መዘጋቱንም ሰምቻለሁ። ለእሳቸው የማቀርበው ምስጋና ግን እንደ ሌሎቹ ምስጋናዎቼ እንዳይወሰድብኝ አደራ እላለሁ፤ እሱ ምስጋና ነው።

6ኛ. ስለ ድንኳኑ። የእድራችን ድንኳን በሚገባ ተወጥሮ ነበር። ገመዱ ላላ አላለም፣ ወንበሮቹም በረድፍ ተደርድረዋል። መርዶን የሚያረዳኝ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ባጃጁ ከጥዱ አጠገብ ሲታጠፍ ያረዳኝ ድንኳኑ ነው። ግፊት መለኪያው ካርቶኑ ውስጥ፣ ካርቶኑ በእጄ ነበር። ቀብሩ አልፎ፣ ልቅሶው ጋብ ብሎ፣ ሰው ቆሎ ይዞ ሌላ ወሬ ጀምሮ ስለነበር፣ ዋይ ብዬ ስገባ ብቻዬን ነው የጮኽሁት። አብሮኝ ሊያለቅስ የተነሣውም ሰው፣ ትናንት አልቅሶ የጨረሰ ሰው ነው። ከእኔ በቀር ሁሉም ተሰናብቶታል። እኔ አባቴን አልተሰናበትኩትም፤ ፊቱን አላየሁትም፤ ከፈኑን አልነካሁትም። ይህ በማናቸውም ቃለ ጉባኤ የሚታረም አይደለምና እንዲታረምልኝ አልጠይቅም።

አክስቴ ወይዘሮ ውቢት ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ካርቶኑን አዩት። ከትናንት ጀምሮ የት እንደነበርኩ በአገውኛ ጠየቁኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲቆጡኝ ነው በአገውኛ የሚናገሩኝ። እርስዎ በመቃብሩ አፋፍ ቆመው፣ የልጅቱ መንገድ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ መሆኑን፣ ከተጠራች ግን ሰባት ሰዓት ማለፉን ለሕዝቡ አስረድተው ነበርና፣ አክስቴ ገጽ ምን እንደሆነ ባያውቁም አንድ ሰዓትና ሰባት ሰዓት ግን ለይተው ያውቃሉ። የወንድማቸው አንድያ ልጅ የአንድ ሰዓት መንገድ ሰባት ሰዓት አንቀላፍታበት፣ በማግስቱ ዕቃ ገዝታ መጣች ማለት ነው። በአርባው ዕለት ተመልሼ ስመጣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። እግራቸው ላይ ወድቄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰበብ የሚሰማ ሰው እንደሚያደርገው፣ እስክጨርስ ጠብቀው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ አክስቴ ተጠርተው በፊት ወንበር ከተቀመጡ በኋላ፣ ልጅቱ ሐሙስ ረፋድ እንደምትደርስ አቶ ገበየሁ ነግረውን ሳለ ረቡዕ የቀበርነው እኛ ነን ብለው በዚያው ባነበቡበት ድምፅ እንዲያነቡልኝ ነው። ወረቀቱ ተስተካክሎ መዝገብ ቤት ቢቀመጥ አይጠቅመኝም፤ አክስቴ ወረቀት አያነቡም። ከኔ አፍ ሲወጣ ሰበብ የሆነው ነገር፣ ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ቃለ ጉባኤ ይሆናል። ያንን ዓረፍተ ነገር ለማንበብ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ለመነሻና ለማረፊያ ሠላሳ ደቂቃ ቢጨምሩበትም ከምሳ በፊት ያልቃል። አክስቴ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ያመማቸው ጊዜም እንደ ሌላው ሰው ትንሽ አሞኛል ይላሉ። እሳቸውንም ሳይታረቁኝ እንዳላጣቸው እፈራለሁ።

ደብዳቤዬን ከመዝጋቴ በፊት፣ በግምት ስንቀበር ለኖርን ለእኛ መረጃን ስላስተዋወቁን፣ የእድሩን ሰዓት ከአንድ ሽማግሌ ከዘራ ነጥቀው ወደ ሠለጠነ መሣሪያ ስላሸጋገሩልን፣ ይልቁንም ያንን ሙሉ አንድ ሰዓት ከኪስዎ እንደሚያወጡ ሁሉ ጨምረው ስለታገሡኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ድንኳኑም በሦስተኛው ቀን በሰዓቱ ተነቅሏል። በዚህ ረገድ ያስመዘገቡትን አፈጻጸም የማይናገር ሰው ቢኖር ምቀኛ ብቻ ነው።

መልካም ፈቃድዎን ደጅ እየጠናሁ፣ ከእርስዎ በአየር 688 ኪሎ ሜትር፣ በምድር ደግሞ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ያለምወርቅ ገብረ ማርያም
ጅግጅጋ፣ በየካቲት ወር መጀመሪያ

ግልባጭ፦
ለአቶ ገበየሁ
ለእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳና ለሰፈሩ የቴሌግራም ገጽ
ለወይዘሮ ውቢት ደጉ (በቃል የሚነገር)

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጅዎ እንየው አውስትራሊያ፣ ፐርዝ በምትባል ከተማ እንደሚኖር ሰማሁና፣ ከምስጋናዬ ጋር ትሁንዎ ብዬ የእሱንም ከዚያው ገጽ ላይ አየሁልዎ። 9,657 ኪሎ ሜትር፣ 12 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ይላል። ጠዋት ቢጠራ ለማታ ይደርሳል ማለት ነው። ዕድሜዎን እግዚአብሔር ያርዝመው እንጂ፣ የአባቴን የአባልነት ቦታ በስሜ ስላዛወርኩ ቀኑ ሲደርስ እኔም በስብሰባው ላይ ድምፅ ይኖረኛል። የእንየውን ስልክ ቁጥር ከእህቱ ተቀብያለሁ። ያን ጠዋት የምደውልለት እኔ ነኝ፤ አባትህ ሞቷል ብዬ እውነቱን እነግረዋለሁ። ከዚያም ጉባኤው ፊት ቆሜ፣ ሦስትም ቀን ይፍጅ አራት፣ ልጁ ደርሶ ፊትዎን ሳያይ አፈር እንዳይነካዎ እከራከርልዎታለሁ።